የሚያውቁትን ቀዳዳ ሳይደፍኑ ስለ ማደር

፩

ሰው ባላወቀው ነገር ሲሳሳት ይታዘንለታል፤ ባወቀው ነገር ሲሳሳት ግን ይጠየቃል። በኦሪት ዘጸአት ስለ ተዋጊ በሬ የተጻፈውን ሕግ የሚያስታውስ ሰው ይህን ፍርድ ወዲያው ይረዳዋል። በሬው ከዚያ በፊት የመውጋት ልማድ ሳይኖረው ሰው ወግቶ ቢገድል፥ በሬው ይወገራል፤ ባለቤቱ ግን ንጹሕ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑ አስቀድሞ ለባለቤቱ ተነግሮት፥ እርሱም ሳይጠብቀው ቀርቶ ሰው ቢሞት፥ ዕዳው በባለቤቱ ራስ ላይ ይወድቃል። በሬው ያው በሬ ነው፤ ቀንዱም ያው ቀንድ ነው። በሁለቱ ፍርዶች መካከል ያለው ልዩነት ባለቤቱ ተነግሮት መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በሬውን ያነሣሁት በየቀኑ በእጅህ ስለምትይዘው መሣሪያ ልነግርህ ስለ ፈለግሁ ነው። በስልክህ ወይም በኮምፒውተርህ ላይ ድረ ገጽ የምትከፍትበት ብራውዘር አልፎ አልፎ «ማደሻ መጥቶልኛል፤ አድሰኝ» ይልሃል። አንተም ሥራ ላይ ስለ ሆንህ «በኋላ» የሚለውን ትነካና ታልፋለህ። ይህ ነገር ትንሽ ይመስላል። እኔም ትንሽ ይመስለኝ ነበር።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል የአባላቱ ስም፥ የስልክ ቁጥራቸውና የቤተ ሰባቸው ዝርዝር በእኔ ኮምፒውተር ውስጥ ተመዝግቦ ነበር። የዕድሩንም የባንክ ሒሳብ የምመለከተው በዚያው ኮምፒውተር፥ በብራውዘር በኩል ነበር። አንድ ቀን ኮምፒውተር የሚያውቅ የጎረቤቴ ልጅ የእናቱን መዋጮ ሊከፍል መጥቶ ከአጠገቤ ቆመና በመስኮቱ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት አየ። «ጋሼ፥ ይህ ብራውዘር ካልታደሰ ስንት ጊዜ ሆነው? ማደሻ ወጥቶለታል እኮ፤ የተገኘበትን የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን ነው» አለኝ። እኔም «እሺ የኔ ልጅ፥ ነገ አደርገዋለሁ» አልሁት። ያ ነገ ሰባት ወር ፈጀ።

በሰባተኛው ወር በዕድሩ ስብሰባ ቀን አንዲት እናት ከመቀነታቸው ፈትተው መዋጮአቸውን ሰጡኝና «ልጄ፥ ገንዘባችን ደኅና ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «በደኅና እጅ ነው፥ እማማ» አልኋቸው። እርሳቸውም መርቀውኝ ሄዱ። ምርቃቱ ግን ከበደኝ። ማታ ቤቴ እንደ ገባሁ ብራውዘሩን አደስሁት፤ ሥራው ሁሉ ያለቀው አንድ ጀበና ቡና እስኪፈላ በማይሞላ ጊዜ ነው። ከዕድሩ ገንዘብ አንድ ብር አልጎደለም። ከስም ዝርዝሩም ወጥቶ የተገኘ ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ቀዳዳ መኖሩ ተነግሮት ያልደፈነ ሰው፥ በቀዳዳው ማንም ሳይገባበት ቢቀር፥ ንጹሕ ነውን? ለእማማስ የሰጠሁት መልስ እውነት ነበርን?

፪

ለዚህ ጥያቄ መልስ ከመፈለጋችን በፊት ቀዳዳው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል። የነገሩን ጠባይ ሳያውቁ በነገሩ ላይ መፍረድ ልማዳችን ቢሆንም፥ ልማዱ መልካም አይደለም።

አንድ ሰው በብራውዘሩ የባንኩን ገጽ ሲከፍት ቃሉ ከእጁ ወጥቶ በብዙ እጅ ያልፋል። በመጀመሪያ በቤቱ ወይም በካፌው ዋይፋይ፥ ቀጥሎ በስልክ ኩባንያው መሥመር፥ ከዚያም በሌሎች ብዙ መገናኛዎች አልፎ የባንኩ ሰርቨር ዘንድ ይደርሳል። በመንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ቃሉን ማንበብ ቢችል ኖሮ፥ የይለፍ ቃልን በኢንተርኔት መላክ በገበያ መካከል ጮኾ እንደ መናገር ይሆን ነበር። ስለዚህ ብልሃተኞች ድሮ ደብዳቤ በማኅተም ይታሸግ እንደ ነበረው፥ ቃሉን በምስጢር ቍጥር የሚያሽግ ሥርዓት አበጁ። ይህ ሥርዓት ሦስት ነገር ይሠራል። ቃሉን ከሚያዩ ይሰውረዋል፤ በመንገድ ላይ የተለወጠ እንደ ሆነ ያጋልጠዋል፤ ደግሞም የምናነጋግረው ሰርቨር ራሱ ባንኩ እንጂ አስመሳይ አለመሆኑን በምስክር ወረቀት ያረጋግጥልናል። በብራውዘሩ ራስጌ ለብዙ ዓመታት ትታይ የነበረችው፥ ዛሬም በአንዳንዶቹ ላይ የምትታየው የጓጉንቸር ሥዕል የዚህ ሥርዓት ምልክት ናት።

ሥርዓቱን በመጀመሪያ ለሕዝብ ያቀረበው ኔትስኬፕ የተባለው ኩባንያ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1995 ኤስኤስኤል 2.0 ወጣ፤ ጉድለቱ ስለ ታወቀ በሚቀጥለው ዓመት በ1996 ኤስኤስኤል 3.0 ተተካ። በ1999 ስሙ ተለውጦ ቲኤልኤስ 1.0 ሆነ፤ በ2008 ቲኤልኤስ 1.2፥ በ2018 ደግሞ ቲኤልኤስ 1.3 ወጣ። እያንዳንዱ የወጣው ከእርሱ በፊት የነበረው ስንጥቅ ስለ ተገኘበት ወይም ስለ ደከመ ነው። የሰው እጅ ሥራ ነውና ስንጥቅ አይታጣበትም፤ በዚህ ሊታፈር አይገባም። ማንም ጣራ የሚከድን ሰው ለዘላለም አይከድንም።

እዚህ ላይ ወጣቱ አንባቢ በጥብቅ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቀዳዳው ሳይታወቅ በነበረ ጊዜ ሌባውም ባለቤቱም እኩል አያውቁትም ነበር። ማደሻው በወጣበት ቀን ግን ሁሉም ያውቃል። ክፉ አሳቢ የሆነ ሰው አሮጌውንና አዲሱን አስተያይቶ የተለወጠውን ክፍል ያገኛል፤ ቀዳዳው የት እንደ ነበረ ከድፋኑ ይማራል። ስለዚህ አዋጁ ከተነገረ በኋላ ያልታደሰ ብራውዘር ከአዋጁ በፊት ከነበረው ይልቅ ለአደጋ የቀረበ ነው። የጠጋኙ መዶሻ ድምፅ ሌባውንም ይቀሰቅሰዋል፤ ሳይጠገን ለቀረው ቤት ይህ ክፉ ዜና ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር እንዲህ ላለው ነገር ተስማሚ ነው።

፫

ነገሩ በአሳብ ብቻ እንዳይቀር በእውነት የተፈጸሙ ሦስት ታሪኮችን ልንገርህ። እያንዳንዱ ልዩ የሆነ የጠባይ ትምህርት አለው።

የመጀመሪያው አሮጌን ነገር በይሉኝታ ስለ ማቆየት ነው። ብራውዘርና ሰርቨር ሲገናኙ እንደ ሁለት እንግዶች አስቀድመው ሰላምታ ይለዋወጣሉ፤ በየትኛው የምስጢር ሥርዓት እንደሚነጋገሩም ይስማማሉ። ሁለቱም አዲሱንና ጠንካራውን ቢያውቁ በእርሱ ይነጋገራሉ። ነገር ግን ግንኙነቱ ሲሰናከልባቸው ብራውዘሮቹ «ምናልባት ይህ ሰርቨር አሮጌ ይሆናል» እያሉ ወደ አሮጌው ሥርዓት ይወርዱ ነበር። በኦክቶበር 14 ቀን 2014 ሦስት የጉግል ተመራማሪዎች ፑድል ብለው የሰየሙትን ጉድለት ለሕዝብ ገለጹ። በመካከል የቆመ ሰው ግንኙነቱን ደጋግሞ እያሰናከለ ሁለቱን ወገኖች እስከ ኤስኤስኤል 3.0 ድረስ ሊያወርዳቸው፥ ከዚያም በዚያ ሥርዓት ስንጥቅ ምስጢራቸውን ጥቂት በጥቂት ሊያነብ ይችል ነበር። እንግዲህ ይህ ሥርዓት በዚያን ጊዜ 18 ዓመት ሞልቶት ነበር፤ ከእርሱ የሚሻሉ ሦስት ተተኪዎችም ወጥተው ነበር። በቤት ውስጥ የቀረው ምናልባት አንድ አሮጌ ሰርቨር ቢያስፈልገው ተብሎ ነው። የፋየርፎክስ ሠሪዎች በዚያው ዓመት በዲሴምበር ባወጡት ማደሻ ዘጉት፤ ሌሎቹም ተከተሉ፤ በጁን 2015 ደግሞ የኢንተርኔትን ደንብ የሚያወጣው ማኅበር ማንም እንዳይጠቀምበት ከለከለ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ክፉ ልማድን «አልጠቀምበትም፤ ግን ይኑር» ብሎ በጓዳ ማስቀመጥ ለጠላት በር ከፍቶ እንደ መተው ነው። ሰው ጠንካራ በሆነበት ሰዓት የሚኖረው ጠባይ አይፈትነውም፤ መንገድ ሲሰናከልበት ወዴት እንደሚወርድ ግን ይፈትነዋል። አታላይም ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ መንገዱን ያሰናክልበታል።

ሁለተኛው ታሪክ ለሌላው ተብሎ ስለ ተቆፈረ ጉድጓድ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት የአሜሪካ መንግሥት ጠንካራ የምስጢር መሣሪያ ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ በሕግ ይከለክል ነበር። ለውጭ አገር ሰው የሚሸጠው መሣሪያ ቁልፉ ከ512 ቢት እንዳይበልጥ፥ ማለትም አቅም ያለው ሰው ሊሰብረው እንዲችል ሆኖ ይሠራ ነበር። ሕጉ በ2000 በብዛት ላላ። ደካማው ቁልፍ ግን በብዙ ሰርቨሮች ውስጥ ተረስቶ ቀረ። በማርች 2015 የፈረንሳይ፥ የስፔንና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ፍሪክ የተባለውን ጉድለት አስታወቁ። በመካከል የቆመ ሰው የብራውዘሩን ጥያቄ ለውጦ ከሰርቨሩ ደካማውን ቁልፍ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም ይሰጣል፤ ብራውዘሩም ያልጠየቀውን ደካማ ቁልፍ በስሕተት ይቀበላል። በ1990ዎቹ ለመስበር ትልቅ ኀይል ይጠይቅ የነበረው ቁልፍ በ2015 በኪራይ ኮምፒውተር በጥቂት ሰዓታት፥ በ100 ዶላር ገደማ ወጪ የሚሰበር ሆኖ ተገኘ። ለዚህ አደጋ ተጋልጠው ከተገኙት ገጾች መካከልም የራሱ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ገጾች ነበሩበት። አፕል፥ ጉግልና ማይክሮሶፍት ስንጥቁን የሚደፍን ማደሻ ለማውጣት ተሯሯጡ።

«ለሰው ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፤ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና» የሚለው ተረታችን እንዲህ ቃል በቃል የተፈጸመበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ክፉዎች ናቸው ለማለት አልፈልግም፤ አገራቸውን መጠበቅ ፈልገው ይሆናል። ነገር ግን ደካማ ሆኖ የተሠራ ቁልፍ ወዳጅንና ጠላትን አይለይም። ሌላው እንዲደክም ብሎ የሚሠራ ሰው ድካሙ ተመልሶ በልጆቹ ቤት እንደሚያድር ማሰብ ይገባዋል።

ሦስተኛው ታሪክ ጉድለትን ስለ መሸሸግ ነው። ከላይ እንደ ተናገርሁት ብራውዘራችን ባንኩን የሚያምነው የምስክር ወረቀት ስለሚያሳየው ነው። ወረቀቱን የሚሰጡት ደግሞ ብራውዘር ሠሪዎች የታመኑ ናቸው ብለው የመዘገቧቸው ድርጅቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ዲጂኖታር የተባለ የሆላንድ ኩባንያ ነበር። በ2011 ሰርጎ ገብ ወደ ኩባንያው መሣሪያ ገብቶ ከ500 በላይ የሐሰት የምስክር ወረቀቶች አወጣ፤ ከእነርሱም አንዱ በጉግል ስም የወጣ ነበር። ኩባንያው በጁላይ መደፈሩን ዐወቀ፤ ከወረቀቶቹም አንዳንዶቹን ሰረዘ፤ ለሕዝብ ግን አልተናገረም። በኦገስት መጨረሻ ነገሩን የገለጠው በኢራን የሚኖር አንድ ተራ ሰው ነው፤ ኢሜሉን ሊከፍት ሲል ክሮም የተባለው ብራውዘር ስላስጠነቀቀው ጮኾ ጠየቀ። በኋላ በተደረገው ምርመራ በሐሰተኛው ወረቀት የተጠለፈው ግንኙነት ወደ 300,000 ከሚጠጉ አድራሻዎች የመጣ መሆኑ ታወቀ፤ አብዛኞቹም በኢራን የነበሩ ናቸው። ኢሜላቸው በማን እጅ እንደ ወደቀና ምን እንደ ደረሰባቸው ማሰብ ለአንባቢ እተዋለሁ።

ብራውዘር ሠሪዎቹ ወዲያው ማደሻ አውጥተው ኩባንያውን ከታመኑት መዝገብ ፋቁት፤ በሴፕቴምበርም ኩባንያው ከሠረ። አስተውል፤ በዚያን ጊዜ ማደሻ ማለት አዲስ ጌጥ መጨመር አልነበረም፤ «ይህ ሰው ከእንግዲህ አይታመንም» የሚል ቃል ነበር። ማደሻውን ያልተቀበለ ብራውዘር የተፈረደበትን ሐሰተኛ እንደ ታማኝ ምስክር ማመኑን ይቀጥል ነበር። ኩባንያውን የገደለው መደፈሩ ብቻ አይመስለኝም። ሌባ ማንንም ሊደፍር ይችላል። ተደፍሮ ዝም ማለቱ ግን የራሱ ሥራ ነው። በዝምታው ሳምንታት ውስጥ የተጎዱት ሰዎች ራሳቸውን ለመጠበቅ የሚያስችላቸውን ዕውቀት የነፈጋቸው እርሱ ነው።

፬

አሁን ተቃዋሚ ሆኖ የሚናገረውን ሰው እንስማ፤ አንዳንዱ ነገሩ እውነት አለበትና።

አንዱ «እኔ የሚሰረቅ ነገር የለኝም፤ ስለዚህ ብታደስ ባልታደስ ግድ የለኝም» ይላል። ይህ ሰው ብቻውን የሚኖር ቢሆን ኖሮ ቃሉ ልክ በሆነ ነበር። ነገር ግን በብራውዘሩ የሚያልፈው የእርሱ ቃል ብቻ አይደለም። የእናቱ ደብዳቤ፥ የወዳጁ ምስጢር፥ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ከዚህም በላይ ያላደሱ ሰዎች በበዙ መጠን የሰርቨር ጠባቂዎች እነርሱን ላለማስቀረት ሲሉ ደካማውን አሮጌ ሥርዓት ክፍት አድርገው ያቆዩታል። ስለዚህ የአንዱ ቸልተኝነት የሁሉንም በር ያላላዋል። አጥር የጋራ በሆነበት መንደር «የእኔ በኩል ቢፈርስ ምን ቸገረህ» ማለት አይቻልም።

ሌላው «ማደሻውን የላከው ሰው ማን እንደ ሆነ አላውቅም፤ እንዴት አምኜ ቤቴ አስገባዋለሁ?» ይላል። ይህ ጥያቄ የብልህ ሰው ጥያቄ ነው። በእርግጥም አታላዮች ራሳቸው «ብራውዘርህ አርጅቷል፤ እዚህ ነክተህ አድስ» የሚል የሐሰት ማስታወቂያ በየገጹ ይለጥፋሉ። ደግሞም እውነተኛው ማደሻ አንዳንድ ጊዜ ደኅና የነበረውን ሥራ ያበላሻል። መልሱ ግን ጨርሶ አለማደስ አይደለም። ማደሻን መንገድ ላይ ካገኘኸው ገጽ አትቀበል፤ የራሱን የብራውዘሩን ዝርዝር ከፍተህ ከሠሪው ዘንድ ብቻ ውሰድ። መድኃኒት የሚያስመስል ሻጭ ስለ ተገኘ መድኃኒት ሁሉ አይጣልም።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ድሃው ነው፤ ከሁሉም ይልቅ ልንሰማው የሚገባን እርሱን ነው። «ስልኬ አሮጌ ነው፤ ሠሪው ማደሻ መላክ ካቆመለት ዓመታት አልፈዋል። የኢንተርኔት ካርድ የምገዛው ከዳቦ ቀንሼ ነው፤ ማደሻው ይጨርስብኛል» ይላል። ይህን ሰው ቸልተኛ የሚለው ቢኖር ራሱ ፍርድ ያጎደለ ነው። ያልቻለና ያልፈለገ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ድሃው ሳይችል ሲቀር ግዴታው ወደሚችለው ሰው ይተላለፋል እንጂ አይጠፋም። ይኸውም ስልኩን ሸጦ ጥገናውን ቶሎ ያቆመው ሠሪ፥ ገንዘቡን በስልክ እንዲያንቀሳቅስ የጋበዘው ድርጅት፥ ዋይፋይ እያለው «ና፥ ከእኔ ቤት አድስ» ያላለው ጎረቤት ሁሉ ይካፈሉታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስመሰግን ነገር ልጨምር። ትልልቆቹ ብራውዘር ሠሪዎች ቲኤልኤስ 1.0ንና 1.1ን በ2020 ለማስወገድ ተስማምተው ነበር። ፋየርፎክስም በማርች አስወገዳቸው። በዚያው ወር ግን ኮቪድ ዓለሙን ያዘ። አንዳንድ የመንግሥት ገጾች ገና በአሮጌው ሥርዓት የሚሠሩ ስለ ነበሩ፥ ሕዝቡ ስለ በሽታው የሚነገረውን እንዳያጣ ሠሪዎቹ መዝጊያውን ለጊዜው መልሰው ከፈቱት፤ ነገሩም ሲረጋ በጁን ወር ባወጡት ማደሻ እንደ ገና ዘጉት። ሕግ ለሰው መሆኑን የሚያውቅ ሕጉን እንዲህ ይጠብቃል፤ ለጊዜው ያላላው ሰው መልሶ ማጥበቁንም አይረሳም። ብዙዎቻችን የማላላቱን ክፍል እንችልበታለን፤ መልሶ ማጥበቁን ግን እንረሳለን።

፭

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። በሰባቱ ወር ውስጥ ማንም አልገባም፤ ማንም አልተጎዳም። ታዲያ ጥፋት አለብኝን?

የሸንጎ ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ጉዳትን ነው። በ1952 ዓመተ ምሕረት በአገራችን አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ሲል፥ ነገሩ የሚጀምረው ጉዳት ከደረሰ በኋላ ነው። ከላይ የጠቀስሁት የኦሪት ሕግም ስለ ወጋ በሬ ይናገራል። ማንንም ያልወጋውን፥ ነገር ግን ተዋጊ መሆኑ የታወቀውንና በልቅ የሚሄደውን በሬ ባለቤት ዳኛ ፊት የሚያቆመው ከሳሽ የለም። ስለዚህ በሸንጎ ፊት ንጹሕ ነኝ።

ኅሊና ግን በሌላ ሚዛን ይመዝናል፤ ይህንንም ሚዛን ቋንቋችን አስቀድሞ በአንድ ቃል አስቀምጦልናል፤ ቃሉም አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው «ይህ ነገር ፈጽሞ አይጠፋም» ብሎ አይምልም፤ ይህን ማለት የሚችል ሰው የለም። የሚገባው ቃል «እጠብቀዋለሁ» የሚል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ የጠበቀ ዘበኛ በጉልበተኛ ሌባ ቢዘረፍ አደራውን አልበላም፤ ዕቃው ጠፍቷል፥ ቃሉ ግን አልጠፋም። በሩን ከፍቶ ሲተኛ ያደረ ዘበኛ ደግሞ በዚያች ሌሊት ሌባ ሳይመጣ ቢቀር፥ ዕቃው ደኅና አድሯል፥ ቃሉ ግን ፈርሷል። ጠዋት ሲነሡ ባለቤቱ ሁለተኛውን ዘበኛ ያመሰግነዋል፤ የመጀመሪያውን ይረግመዋል። እግዚአብሔር ግን ሌሊቱን አይቶአል፤ ዘበኞቹም ራሳቸው ያውቁታል።

እንግዲህ በሰባቱ ወር የዕድሩን ገንዘብ የጠበቀው የሌባው አለመምጣት ነው እንጂ እኔ አልነበርሁም። እማማ «ገንዘባችን ደኅና ነው?» ሲሉኝ «ደኅና ነው» ብዬ ባቆም ኖሮ እውነት በተናገርሁ ነበር። እኔ ግን «በደኅና እጅ ነው» አልሁ። ገንዘቡ ደኅና ነበር፤ እጁ ግን ደኅና አልነበረም። ስለዚህ መልሴ ውሸት ነበር፤ ምርቃቱም የከበደኝ ለዚህ ነው።

ዕድለኛ ሰው ከሌላው ይልቅ ለመታለል የተጋለጠ ነው። በቸልተኝነቱ የተጎዳ ሰው ይማራል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ቢሆንበትም ቢያንስ ለሚቀጥለው ይነቃል። ቸል ብሎ ሳይጎዳ የቀረ ሰው ግን ዕድሉን እንደ ጥበቡ ይቆጥረዋል፤ «ሰባት ወር ምንም አልሆነም፤ ስለዚህ ምንም አይሆንም» ይላል። በዚህም አስተሳሰብ ላይ ሌላ ሰባት ወር ይጨምርበታል። ጥፋቱን ጉዳት እስኪያስታውሰው ሳይጠብቅ ራሱን የሚጠይቅ ሰው ግን ተጎድቶ የሚማረውን ሳይጎዳ ይማራል፤ ሌሎችንም አይጎዳም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ሰው ሁልጊዜ በፍርሃት ይኑር ማለቴ አይደለም። የሰው ጊዜ አጭር ነው፤ የሚታወቀውን ቀዳዳ ሁሉ በአንድ ቀን የሚደፍን የለም። የሚፈለግብን በአቅማችን መጠን ነው። ግዴታን የሚያጸኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ቀዳዳው መኖሩን ማወቅ፥ መድፈን መቻል፥ ደግሞም የሌላ ሰው ነገር በእጅ መኖሩ። ሦስቱ በተገናኙበት ቦታ «ነገ» የሚለው ቃል ምክንያት መሆኑ ይቀራል። በእኔ ዘንድ ሦስቱም ነበሩ።

የቀረኝን ልናገርና ልጨርስ። ብራውዘሩን ካደስሁና የባንኩን የይለፍ ቃል ከለወጥሁ በኋላ፥ ነገሩን ለዕድሩ ልንገር ወይስ ልተወው ብዬ አሰብሁ። ምንም ስላልጠፋ መናገሩ ሰውን ማስደንገጥ ብቻ ይሆናል የሚል አሳብ መጣብኝ። ነገር ግን ይህ አሳብ የዚያ የሆላንድ ኩባንያ አሳብ እንደ ነበረ ትዝ አለኝና በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ተናገርሁ። አንዳንዶቹ ሳቁ፤ ስለ ምን እንደማወራ ያልገባቸውም ነበሩ። እማማ ግን ገባቸው። «እና አሁን ዘግተኸዋል?» አሉኝ። «ዘግቼዋለሁ» አልሁ። «ማን አየልህ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

በዚያው ቀን ተመክሮ አንድ ደንብ ወጣ። በየወሩ መዋጮ በሚሰበሰብበት ቀን፥ ገንዘቡ ከተቈጠረ በኋላ፥ ያ የጎረቤቴ ልጅ ከእኔ ጋር ተቀምጦ ኮምፒውተሩ የታደሰ መሆኑን ያያል፤ በመዝገቡም ላይ ሁለታችን እንፈርማለን። እስከ ዛሬ እንፈርማለን።